የውስጥ ሞደም ማስገባት፦ ኮም ፖርቶችን ሳያጋጩ

በስልክ መስመር የሚገባው የዳያል አፕ ኢንተርኔት ጊዜው አልፏል፤ በዚህ አንከራከርም። የውስጥ ሞደም፣ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ ተሰክቶ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ካርድ፣ ግን ገና ሥራ አለው። ደሴ ፒያሳ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ መጋዘን ያለው ነጋዴ የዕለት ሽያጩን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በቤት ስልክ መስመር ብቻ መላክ ይችላል። መሃል ላይ ኢንተርኔት የለም፣ የሞባይል ካርድ የለም። ዳታ የጠፋ ቀንም ቢሆን የቤት ስልኩ እስከሠራ ድረስ ፋይሉ ይሄዳል። «በፋክስ ላኩልን» የሚል መሥሪያ ቤትም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የሂሳብ ፕሮግራማቸው ዊንዶውስ 98 ላይ የቀረባቸው ሰዎችም ማሽኑን መጣል አይፈልጉም። የሚሠራን ነገር ለምን ይጣሉ?

ካርዱን መሰካት ከባድ አይደለም። ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ይሰካዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞደሙ አይመልስም፤ ወይም ሲደውል ማውሱ ይደርቃል፤ ወይም ዛሬ ሠርቶ ነገ እምቢ ይላል። ባለቤቱ «ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ ይገዛል፣ እሱም እንደዚያው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙ ጤነኛ ነው። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቦታ ይዘው ይጋፋሉ እንጂ። ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

አንድ ነገር ላስታውስ። የምናሌ ስሞችንና ትእዛዞችን እዚህ በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩትም የምትተይቡትም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ማን የት እንደተቀመጠ ጻፉ

ኮም ፖርት፣ በሌላ ስሙ ሲሪያል ፖርት፣ ኮምፒውተሩ ከሞደም ወይም ከማውስ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት በር ነው። እያንዳንዱ ሁለት ነገር ይይዛል፦ አድራሻና አይአርኪው። የተለመደው አመዳደብ ይህ ነው፤ ወረቀታችሁ ላይ ገልብጡት።

ኮም 1፦ አድራሻ 3ኤፍ8፣ አይአርኪው 4
ኮም 2፦ አድራሻ 2ኤፍ8፣ አይአርኪው 3
ኮም 3፦ አድራሻ 3ኢ8፣ አይአርኪው 4
ኮም 4፦ አድራሻ 2ኢ8፣ አይአርኪው 3

አድራሻው ፕሮሰሰሩ ዕቃውን የሚያገኝበት ቁጥር ነው። አይአርኪው ደግሞ ዕቃው በተራው ፕሮሰሰሩን «ዳታ መጥቶልኛል፣ ና ውሰድ» ብሎ የሚጠራበት መስመር ነው። አሁን ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። አድራሻዎቹ አራት ናቸው፤ አይአርኪዎቹ ግን ሁለት ብቻ። ኮም 1 እና ኮም 3 አንድ ቁጥር ይጋራሉ፣ ኮም 2 እና ኮም 4ም እንዲሁ። አንድ ሰፈር ሁለት ሰይድ ካለ፣ በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል «ሰይድ ነኝ» የሚለው መልስ ምንም አይነግርም። ቤት ያለው ሰው አንደኛውን ጠብቆ ሲከፍት ሌላኛው ውጭ ይቀራል። አይሳ በሚባለው አሮጌ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አይሳ በተፈጥሮው አይአርኪው ማጋራት አይችልም።

«ሞደሙ ኮም 3 ነው፣ ማውሱ ኮም 1 ነው፣ ስማቸው ይለያያል፣ ምን ያጋጫቸዋል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ስማቸው ቢለያይም አይአርኪያቸው አንድ ነው። ሁለቱ በተለያየ ሰዓት ቢሠሩ ምንም ላይታይ ይችላል። ማውስ ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ሞደሙ ስልክ ባነሳ ቁጥር ቀስቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ዝርዝሩ ሥር በማሽኑ ላይ የተሰካውን ሁሉ ጻፉ። ማውሱ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሶኬት ከሆነ ሲሪያል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮም 1 ላይ ይቀመጣል። ክብ ትንሽ ሶኬት ከሆነ ፒኤስ 2 ነው፤ አይአርኪው 12 ስለሚወስድ ከእናንተ ጉዳይ ውጭ ነው። በሲሪያል የሚገናኝ ሚዛን ወይም የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካለ እሱንም አስገቡ። የድምፅ ካርድ ብዙ ጊዜ አይአርኪው 5 ላይ ይገኛል፣ ፕሪንተሩ የሚሰካበት ኤልፒቲ 1 ደግሞ 7 ላይ። እነዚህን ሁለቱን አትርሱ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ሞደሙ የትኛው ዓይነት ነው?

ከቁራሌው ወይም ከጥገና ቤት መደርደሪያ የምታገኙት ካርድ ከሁለት አንዱ ነው። ረጅሙ ጥቁር ስሎት ውስጥ የሚገባው አይሳ ነው። አጭሩ ነጭ ስሎት ውስጥ የሚገባው ፒሲአይ ነው።

ፒሲአይ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፣ ተስፋውም ያንሳል። አይአርኪውን ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው፣ በዋናው ሰሌዳ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ራሱ ያድለዋል፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ቢጋራም አይከፋውም፣ ጃምፐር (ቁጥር ለመምረጥ በካርዱ መርፌዎች ላይ የሚደፋ ትንሽ ቆብ) የለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ ፒሲአይ ሞደሞች «ዊንሞደም» የሚባሉት ናቸው። ግማሽ ሥራቸውን ሶፍትዌር ነው የሚሠራላቸው። ትክክለኛው ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ካልተገኘ ሰሌዳ ብቻ ናቸው፤ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠሩም። ከመግዛታችሁ በፊት ትልቁን ቺፕ አንብቡ። ሮክዌል፣ ኮኔክሳንት፣ ሉሰንት የሚል ታያላችሁ። የዚያን ቺፕ ድራይቨር በእጃችሁ ሳትይዙ ብር አታውጡ።

አይሳ ከሆነና ጃምፐር ካለው፣ በእኔ እምነት የተሻለውን አግኝታችኋል። የራሱ ሲሪያል ፖርት በላዩ ላይ አለ። ካርዱ ላይ 16550 የሚል ቺፕ ካያችሁ ደግሞ እሰየው። ይህ ቺፕ 16 ባይት የሚይዝ ማቆያ አለው፤ ፕሮሰሰሩ ትንሽ ቢዘገይም ዳታ አይፈስስም። የቀደሙት 8250 እና 16450 ግን አንድ ባይት ብቻ ነው የሚይዙት። ቺፑን አላያችሁም ብላችሁ አትጨነቁ፤ ብዙ ጊዜ በትልቁ ቺፕ ውስጥ ተካቶ ነው የሚሠራው። ዓይነቱን ዊንዶውስ በኋላ ይነግረናል።

ገመዶቹን ንቀሉ

የመብራቱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉ። የስልኩንም ንቀሉ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የስልክ መስመር ዝም ብሎ ተቀምጦ 48 ቮልት አካባቢ ይይዛል። ሲጠራ ደግሞ ወደ 90 ቮልት ይወጣል። እጃችሁ ካርዱ ላይ እያለ ሰው ቢደውል በደንብ ያስደነግጣችኋል። ከዚያ የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጉ፤ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እዚያ ይውረድ።

ባዮስ ውስጥ ቦታ አስለቅቁ

እኔ የምመርጠው መንገድ አንድ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሁለተኛ ሲሪያል ፖርት አጥፉና ቦታውን ለሞደሙ ስጡት። ሞደሙ ኮም 2 ይሆናል፣ አይአርኪው 3 ለብቻው ይይዛል። ማውሱም ኮም 1 ላይ በሰላም ይኖራል። ኮም 3 እና ኮም 4 ላይ ከመታገል ይህ ይሻላል።

ማሽኑን ለጊዜው መልሳችሁ ሰኩትና አስነሱ። ወዲያው ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ፤ በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ነው። ኢንተግሬትድ ፔሪፈራልስ የሚለውን ግቡ። ኦንቦርድ ሲሪያል ፖርት 1 የሚለው 3ኤፍ8 ከአይአርኪው 4 ጋር መሆኑን አረጋግጡ። ኦንቦርድ ሲሪያል ፖርት 2 የሚለውን ዲስኤብልድ አድርጉት። ኢንፍራሬድ የሚል መስመር ካለ እሱንም አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ በኮም 2 ቦታ ተደብቆ ይቀመጣል። ሞደሙ ጃምፐር ያለው አይሳ ከሆነ ፒኤንፒ ፒሲአይ ኮንፊገሬሽን በሚለው ገጽ አይአርኪው 3ን ሌጋሲ አይሳ በሚለው ላይ አድርጉት። እንዲህ ካላደረጋችሁ ባዮሱ ቁጥሩን ለሌላ ካርድ ሊያድለው ይችላል። ከዚያ ኤፍ 10፣ ዋይ፣ ኢንተር።

«ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አይሠራም» የሚለው በሽታ የሚያድረው እዚሁ ነው። ባዮስ ይህን ሁሉ የሚያስታውሰው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ክብ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፣ ባለ 3 ቮልት ናት። በአሮጌ ማሽን ይህች ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ሞታለች። ገመዱ መብራት ላይ እስከተሰካ ድረስ ችግሩ አይታይም። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳል። ያጠፋችሁት ኮም 2 ይነሳል፣ ጠዋት ከሞደሙ ጋር ይጋጫል። ባለቤቱ ምንም አልነካም፤ እውነቱን ነው። ምልክቷ ቀላል ናት። ማሽኑ ሲነሳ ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሄዶ ከሆነ ሞደሙን ተዉትና ድንጋዩን ቀይሩ። የግድግዳ ሰዓት የሚጠግን ሰው ጋ እንኳ አይጠፋም። ቀይራችሁ ባዮሱን እንደገና ሙሉት።

ጃምፐሩን አስተካክሉ

ገመዶቹን እንደገና ንቀሉ። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ሁለት የመርፌ ረድፎች ታያላችሁ። አንዱ የኮም ቁጥሩን ይወስናል፣ ሌላው አይአርኪውን። የትኛው የትኛው እንደሆነ በካርዱ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ የስልካችሁን ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። የጃምፐሯን ቆብ በጥፍር ወይም በቀጭን ፒንሳ ነቅላችሁ ኮም 2 ላይ አድርጉ፤ ሌላኛዋን አይአርኪው 3 ላይ። ሁለቱም ካልተስማሙ አይሠራም። ኮም 2 ብላችሁ አይአርኪውን 4 ላይ ብትተዉት ሞደሙ ይገኛል፣ ግን በሩን አያንኳኳም።

ኮም 2 በሚዛን ወይም በሌላ ማሽን ተይዞ ከሆነ ቀጣዩ ምርጫ ኮም 3 ከአይአርኪው 5 ጋር ነው። ከተለመደው አመዳደብ ይወጣል፣ ግን ምንም ነውር የለውም። የድምፅ ካርዱ 5ን አለመያዙን ወረቀታችሁ ላይ እዩ። ይዞ ከሆነና ድምፁ የማያስፈልግ ከሆነ የድምፅ ካርዱን ንቀሉት፤ ሱቅ ውስጥ ለሂሳብ ሥራ ማን ዘፈን ያደምጣል? አይአርኪው 7ም ይቻላል፣ ፕሪንተር በኤልፒቲ ካልተሰካ። ኮም 4ን ግን በመጨረሻ ነው የምሞክረው። አንዳንድ አሮጌ የስክሪን ካርዶች፣ በተለይ የኤስ 3 ቺፕ ያላቸው፣ 2ኢ8 የሚለውን አድራሻ ይጠቀሙበታል።

ካርዱ «ፕለግ ኤንድ ፕሌይ» ከሆነ ጃምፐሮቹን በሙሉ ንቀሉና ቁጥሩን ዊንዶውስ እንዲሰጠው ተዉት። አንዳንዱ ካርድ ለዚህ ብቻ የተለየች ጃምፐር አለችው።

አሁን ስሎቱ ውስጥ አስገቡት። ሁለቱን ጫፍ እኩል ተጫኑ፣ ብሎኑን እሰሩ። ከኋላ ሁለት የስልክ ቀዳዳዎች አሉ። ላይን የሚለው ከግድግዳ የሚመጣው ነው፣ ፎን የሚለው የስልክ ቀፎው ነው።

ዊንዶውስ ላይ

ማሽኑ ሲነሳ ዊንዶውስ 98 አዲስ ዕቃ አገኘሁ ሊላችሁ ይችላል። ድራይቨሩን ስጡት። ከዚያ ማይ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቫይስ ማናጀር። ፖርትስ በሚለውና ሞደም በሚለው ሥር ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ግጭቱ አልጠፋም። ዕቃው ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉና ሪሶርስስ የሚለውን ክፈቱ። አድራሻውና አይአርኪው ጃምፐሩ ላይ ካደረጋችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት። የተለየ ከሆነ ዩዝ ኦቶማቲክ ሴቲንግስ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ቤዚክ ኮንፊገሬሽን ከሚለው ዝርዝር ትክክለኛውን ምረጡ። ከታች ኖ ኮንፍሊክትስ እስኪል ድረስ አትውጡ።

አንድ ፖርት ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ካያችሁ የቀድሞ ካርዶች ርዝራዥ ነው። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጥቂት ነገር ብቻ በሚነሳበት መንገድ) አስነስታችሁ የተደገሙትን በሙሉ አጥፉ። ሲነሳ ያለውን ብቻ መልሶ ይመዘግባል።

ቀጥሎ ኮንትሮል ፓነል፣ ሞደምስ፣ ዳያግኖስቲክስ። ፖርቱን መርጣችሁ ሞር ኢንፎ በሉት። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። አድራሻው፣ አይአርኪው፣ የቺፑ ዓይነትና ከፍተኛው ፍጥነት ይወጣል። 16550 ካለና 115 ኬ ካለ ጨርሳችኋል ማለት ይቻላል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ቦታው ፎን ኤንድ ሞደም ኦፕሽንስ ነው፣ ቁልፏም ኩዌሪ ሞደም ትባላለች።

በእጅ ሞክሩት

ሃይፐርተርሚናልን፣ ከሞደሙ ጋር በጽሑፍ የምትነጋገሩበትን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ክፈቱ። ኮኔክት ዩዚንግ የሚለው ላይ የሞደሙን ስም ሳይሆን ኮም 2 የሚለውን ምረጡ፤ በቀጥታ ፖርቱን ማነጋገር ነው የምንፈልገው። ፍጥነት 115200፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል ሃርድዌር። ከዚያ ኤ እና ቲን ተይቡና ኢንተር ምቱ።

ኦኬ ብሎ ወዲያው ከመለሰ ፖርቱ ተስተካክሏል።

ፊደሎቹ ዘግይተው፣ ቆይተው ቆይተው በጅምላ ከወጡ አድራሻው ትክክል ነው፣ አይአርኪው ግን ተሳስቷል። ፕሮሰሰሩ ሞደሙን አይሰማውም፤ በራሱ ጊዜ ብቅ ሲል ነው የተጠራቀመውን የሚያገኘው። ጃምፐሩንና ሪሶርስስ ገጹን አስተያዩ። ጭራሽ ዝም ካለ አድራሻው ነው፣ ወይም ባዮሱ ውስጥ ያጠፋችሁት ፖርት ተመልሶ ተነስቷል። ፖርቱ አልከፈትም ካለ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ የፋክስ ፕሮግራሙ ነው።

ኦኬ ብሎ ሲደውል ኖ ዳያልቶን የሚል ከሆነ ግን ኮም ፖርቱን መነካካት አቁሙ። ጉዳዩ የመስመር ነው። የስልክ ቀፎውን ግድግዳው ላይ ባለው በዚያው ሶኬት ሰክታችሁ አድምጡ። ቀፎው ላይ የመደወያው ድምፅ ካለ ለሞደሙ ኤቲኤክስ3 የሚለውን ስጡት። የመደወያውን ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል፤ ድምፁ ከለመደው ለየት የሚልበት መስመር ላይ ይህ ብቻ ይበቃል። ያም ካልሆነ የሞደሙ የስልክ ወገን ተመቷል። በእኛ አገር ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ መብረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በደሴው ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ሲጠቁር መብረቁ በስልክ ሽቦ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ያቃጥላል፤ የኮምፒውተር ወገኑ ግን ይተርፋል። ለዚህ ነው ሞደሙ ኦኬ እያለ መደወል የማይችለው። ክረምት ላይ ሱቅ ስትዘጉ የስልኩን ገመድ ንቀሉ፤ መብራቱን ማጥፋት ብቻ አያድነውም።

ደሴና ኮምቦልቻ

ሁለቱም ማሽኖች ኦኬ ካሉ መደዋወል ይቻላል። ኮምቦልቻ ያለው ላይ ኤቲኤስ0=1 ብላችሁ ተይቡ፤ ስልኩ አንዴ ሲጠራ ራሱ ያነሳል። ከደሴው ማሽን ኤቲዲቲ ብላችሁ ቁጥሩን በ033 ጀምራችሁ አስከትሉ። ሱቁ ወደ ውጭ ለመውጣት 9 የሚጫን ከሆነ ከ9ኙ በኋላ ነጠላ የእንግሊዝኛ ኮማ አስገቡ፤ ሞደሙ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። የታወቀው ፉጨትና ጩኸት ይመጣል፣ ከዚያ ኮኔክት ይላል።

ሞደሙ ላይ 56 ኬ ተጽፎ 33600 ቢያሳያችሁ ተበላሸ አትበሉ። 56ቱ የሚገኘው በሌላኛው ጫፍ ዲጂታል መስመር ሲኖር ነው። ሁለት ተራ ሞደም ሲደዋወሉ ጣሪያው 33600 ነው፤ ያረጀ ሽቦ ላይ ደግሞ ያንሳል። በዚያ ፍጥነት አንድ ሜጋባይት አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን ዚፕ አድርጉት።

ትራንስፈር፣ ሴንድ ፋይል፣ ከዚያ ዜድሞደም ዊዝ ክራሽ ሪከቨሪ የሚለውን ምረጡ። መስመሩ መሃል ላይ ቢቆረጥ እንደገና ስትደውሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ማውሱን በዚህ ጊዜ አንቀሳቅሱት። ቀስቱ ከተንቀሳቀሰና ፋይሉም ካልቆመ አይአርኪዎቹ አልተጋጩም።

ሲያልቅ አንድ ሰከንድ ያህል እጃችሁን አንሱ። ሦስት የመደመር ምልክት በተከታታይ ተይቡ፣ ኢንተር አትምቱ፤ አሁንም አንድ ሰከንድ ጠብቁ። ኦኬ ይላል። ኤቲኤች ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ሁለተኛው ኦኬ እስኪወጣ ሃይፐርተርሚናልን አትዝጉ፤ መስመሩ ካልተለቀቀ ሂሳቡ መቁጠሩን አያቆምም።